የጥብስ ቅጠሉን የገደለው ውርጭ አልነበረም፦ ከደብረ ማርቆስ የአንድ ግቢ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጡረታ የወጡ አንድ መምህርና ሚስታቸው የሚኖሩበት ግቢ አለ፣ ስማችንን አትጻፍ ስላሉኝ ጋሼና እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ። 2012 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ከውጭ በሩ እስከ በረንዳው ባለው መተላለፊያ ዳር 22 የጥብስ ቅጠል (በሌላ ስሙ ሮዝመሪ) ችግኝ ተከሉ፣ ኅዳር ሳያልቅ 15ቱ ደርቀው እንደ መጥረጊያ ቆመው ቀሩ። ሰፈሩ ሁሉ ውርጭ ነው አለ። እኔ የተጠራሁት ታኅሣሥ ላይ ነው፣ ግብርና ተምሬያለሁ፣ ችግኝም አፈላለሁ፣ እና ከዛ በኋላ ያለውን ሁሉ እስከ 2015 ድረስ ስለተከታተልኩት ሙሉውን ላስቀምጠው፣ ምክንያቱም ተመሳሳይ ጥያቄ ከፍኖተ ሰላምም ከሞጣም ከቢቸናም ይመጣልኛል።

መጀመሪያ ለምን የጥብስ ቅጠል? ጋሼ የፈለጉት ሌላ ነበር። ውጭ ያለችው ልጃቸው በእነሱ የበረዶ ወራት የሚያብብ አጭር ቁጥቋጦ ፎቶ ላከችላቸው፣ ሳርኮኮካ የሚሉት ነው፣ ከሂማሊያና ከቻይና የመጣ፣ ጥላ የሚወድ፣ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ፣ አበባው ደቃቅ ነጭ ሆኖ ሽታው ግን ከሩቅ የሚጣራ። በኋላ ስመጣ እኔንም እንዲህ ያለ አምጣልኝ አሉኝ። እኔ እንኳን ልሸጠው በየችግኝ ጣቢያው ስዞር አይቼው አላውቅም፣ ግን ፎቶውን ትተን የሚፈልጉትን ነገር ስንዘረዝረው አጭር የሆነ፣ አረንጓዴነቱን የማይለቅ፣ ሌላው ሁሉ በደረቀበት በበጋው ብርድ የሚያብብ ነው። የኛ ግቢ ደግሞ እንደምታውቁት መስከረምና ጥቅምት ላይ አበባ በአበባ ይሆንና አደዩ ካለፈ፣ ከኅዳር ጀምሮ አቧራና ገለባ ብቻ ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላ፣ እዚሁ ከተማ በርካሽ የሚገኝ፣ እትዬም ከድስቱ የማይለዩት አንድ ተክል ነበር፣ እሱም የጥብስ ቅጠል ነው። ጋሼና እትዬ ከእኔ ጋር ከመነጋገራቸው በፊት ራሳቸው ደርሰውበት ገዝተው ተክለውት ኖሯል፣ ምርጫቸው ትክክል ነው፣ አሁንም ሌላ አልመክርም ነበር።

ሮዝመሪ ብዙ ሰው እንደ ቅመም ብቻ ነው የሚያየው፣ ግን እኮ እንጨታማ ቁጥቋጦ ነው። ዝም ካሉት ከአንድ ሜትር በላይ ይሄዳል፣ በመቀስ ከያዙት ጉልበት በታች አጥር ሆኖ ይኖራል። የበሶብላ፣ የጦስኝና የዳማከሴ ዘመድ ነው፣ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ሳይንሳዊ ስሙም በቅርቡ ተቀይሮ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ሳልቪያ ሮዝማሪነስ ሆኗል፣ የድሮ መጽሐፍ ያለው ሰው ሮዝማሪነስ ኦፊሲናሊስ የሚል ቢያገኝ ያው እሱ ነው። አገሩ የሜዲትራንያን ባህር ዳርቻ ነው፣ ድንጋያማ ኮረብታ፣ ስስ አፈር፣ ደረቅ በጋ፣ ዝናቡም ቢመጣ በድንጋዩ መሀል ሾልኮ የሚሄድበት። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ናት።

ስደርስ የሰማሁት ምርመራ ብዙ ዓይነት ነበር። ጎረቤት፦ የኅዳር ውርጭ ነው፣ ድንቹንም መትቶታል። ችግኙን የሸጠው ልጅ፦ ውሃ አጥሮት ነው። ጋሼ ራሳቸው፦ «ልጄ፣ ጠውልጎ ሳየው ጧት ማታ አጠጣሁት፣ ባጠጣሁት ቁጥር ባሰበት»። እትዬ ደግሞ ከጓዳ ሆነው፣ «ምን ብርድ ብርድ ትላላችሁ፣ በሩ ጥግ ያለው በውርጩ መሀል እየፈካ አይደለም እንዴ?» አሉ። ከሁሉም ሚዛን የሚደፋው የእሳቸው ነበር። እውነትም ሰባቱ የተረፉት በአንድ በኩል፣ በሩ አጠገብ ተደርድረው አሉ፣ ወደ ቤቱ የሚጠጋው ጫፍ ግን አንድም አልቀረም። ውርጭ ቢሆን ለንፋስና ለሜዳ የተጋለጠውን በሩን ነበር ቀድሞ የሚመታው፣ ቤቱ ግድግዳ ስር ያለው ይተርፍ ነበር። የሆነው ግልባጩ ነው። በዛ ላይ ሮዝመሪ ያደገበት አገር ውርጭ ያውቃል፣ ከዜሮ በታች የተወሰነ ዲግሪ ይችላል፣ የማርቆስ ብርድ ለእሱ ብርድ አይባልም።

ስለዚህ የሞቱትን ነቀልናቸው። ነቀልናቸው ስል ጉልበት አልፈጀም፣ ሳብ ስታደርገው ይመጣል፣ ሥሩ የለማ። የቀረው ሥር ቡናማ ሆኖ ላልቷል፣ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገህ ስትጎትተው ልጡ እንደ ካልሲ ይወልቅና መሀሉ ላይ ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል፣ ሽታውም የረግረግ ነው። ይህ የታወቀ የሥር መበስበስ ምልክት ነው፣ ውሃ በጠገበ አፈር ውስጥ የሚራቡ ፋይቶፍቶራ የሚባሉ ተህዋስያን ዋነኞቹ አድራጊዎች ናቸው፣ ባይኖሩም እንኳ ውሃ አየሩን ከአፈሩ ካስወጣው ሥር በራሱ ታፍኖ ይሞታል። ከተረፉት አንዷን ጠርዟን ጫር አድርገን ስናይ ሥሯ ነጭና ጠንካራ ነው። አንድ ተክል፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ቀን የተተከለ።

ልዩነቱን ለማየት ሁለት ጉድጓድ ቆፈርን፣ ክንድ የማይሞላ ጥልቀት፣ አንዱ በሩ ጋ አንዱ ቤቱ ጋ፣ ሁለቱንም ውሃ ሞላናቸው። የበሩ ምሳ ሳንበላ ጠጥቶ ጨረሰ። የቤቱ ጉድጓድ ግን በማግስቱ ጧት ጋሼ ደውለው «አሁንም ሰማይ ይታይበታል» አሉኝ። ይህን ሙከራ ማንም ሰው ያለ ምንም መሣሪያ በግቢው መሥራት ይችላል፣ ከማንኛውም ምክር በፊት እሱን ነው የምጠይቀው።

ለምን እንዲህ ሆነ ለሚለው፣ ቤቱ የተሠራው ዳገቱ ተቆርጦ ነው፣ የላይኛው ለም አፈር ተነስቶ ከሥሩ ያለው ተጣባቂ ሸክላ ነው የቀረው። የጣሪያው አሸንዳ ደግሞ ጫፉ ተሰብሮ ውሃውን በቀጥታ በተክሉ መደዳ ላይ ነው የሚያፈሰው። ደብረ ማርቆስ በዓመት ወደ 1300 ሚሊሜትር ዝናብ ታገኛለች፣ ከዛ ውስጥ ሐምሌና ነሐሴ እያንዳንዳቸው ወደ 300 ገደማ ይወስዳሉ፣ ያ ለሜዳው ነው፣ የቆርቆሮው ውሃ ሲጨመርበት አስቡት። በሩ ጋ ግን አጥሩ ሲሠራ የተረፈ የድንጋይ ስብርባሪና የሲሚንቶ ልስን ፍርስራሽ ተከምሮ ነበር፣ ማንም ሳያስብበት፣ ሰባቱ ችግኞች የተተከሉት እሱ ላይ ነው። እትዬ «ቆሻሻው ላይ የተተከለው» ነበር የሚሉት። ቆሻሻ የተባለው ነገር ለሮዝመሪ የአገሩን ኮረብታ ሆነለት።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርመኝን ልበል። የጎጃም ገበሬ ጤፍ ሲዘራ ማሳው ውሃ እንዳያቁር ፈሰስ ሳያወጣ አይውልም፣ ማንም አላስተማረውም፣ በሬው ሳይፈታ በማረሻ አግድም ሰንጥቆት ነው የሚሄደው። የዛው ገበሬ ልጅ ከተማ ገብቶ ግቢ ሲሠራ ግን ፈሰስ የሚባል ነገር ይረሳል፣ ሥሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ሲያበቃ ተክሉ አልጸደቀም ይላል።

እሺ ውሃው ሐምሌ ከሆነ ሞቱ ለምን ኅዳር ሆነ? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ክረምቱን ሙሉ ሰማዩ ደመና ነው፣ አየሩ እርጥብ ነው፣ ቅጠሉ የሚያተነው ውሃ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ሥሩ ግማሹ በስብሶም ተክሉ ከላይ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፣ ትንሽ ቢወይብ ነው። ጥቅምት ኅዳር ፀሐዩ ይከራል፣ ደረቁ ንፋስ ይመጣል፣ ቅጠሉ ውሃ አምጣ ሲል የሚያመጣ ሥር የለም። በሳምንት ውስጥ ደርቆ ቁጭ። ሰው ያ ሳምንት የመጣበትን ውርጭ ይከሳል። ገዳዩ ሐምሌ ሆኖ ሬሳው የተገኘው ኅዳር ላይ ነው። ጠውልጎ ሲያዩት ውሃ መጨመር ደግሞ የቀረችውን ሥር ማጥፋት ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ቅጠሉ ጠውልጎ ጣትህን አፈሩ ውስጥ ስትከት እርጥብ ከሆነ ችግሩ ጥም አይደለም።

ሁለተኛ ነገር አሲድ ነው። የጎጃም ቀይ አፈር፣ በተለይ ከማርቆስ ዙሪያ እስከ እንጅባራ፣ ዝናብ ለዘመናት አጥቦት አሲዳማ ነው፣ ገበሬው ኖራ የሚበትነው ለዛ ነው። የዚህን ግቢ አፈር አንድ ወዳጄ ለካልኝ፣ ቤቱ ጋ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፣ ቁጥሩ ከ7 በወረደ መጠን አሲዱ ይበዛል) 5.3፣ ፍርስራሹ ላይ ከ7 ትንሽ ዝቅ ያለ። ሮዝመሪ ከ6 እስከ 7.5 ያለውን ይወዳል። ፍርስራሹ ውስጥ ያለው ሲሚንቶና ኖራ አሲዱን አብርዶታል ማለት ነው። እንግዲህ ሰባቱ የተረፉት በድሬኔጅ (አፈሩ ውሃ በማሳለፉ) ነው ወይስ በፒኤች ለሚለው የእኔ ፍርድ በዋናነት በድሬኔጅ ነው፣ አሲድ ተክሉን ያቀጭጨዋል እንጂ በአምስት ወር ሥሩን አያላሽቀውም። ግን ሁለቱንም አስተካከልን፣ እየሠራን ስለሆነ።

ሥራው የጀመረው ከተክሉ ሳይሆን ከጣሪያው ነው። አሸንዳው ተጠገነ፣ ውሃው በቱቦ ወደ ሮቶ ተመራ፣ የሮቶው ትርፍ ወደ ጓሮ ጎመን። ከዛ በመተላለፊያው ዳር ከጉልበት ትንሽ ዝቅ የሚል ካብ ተካበ፣ ያለ ጭቃ፣ ድንጋዩ ለድንጋይ ተደግፎ፣ ውሃ በመሀሉ እንዲወጣ። ከታች ያንኑ የተናቀ ፍርስራሽና ጠጠር፣ ከላይ ከጓሮ የመጣ ቀይ አፈር ከጠጠር ጋር ግማሽ በግማሽ በሚባል ደረጃ ተቀላቅሎ፣ ኮምፖስት እፍኝ እፍኝ፣ አመድ ደግሞ በስሱ ተነስንሶ። አሸዋ ብቻ ሸክላው ላይ ጨምረን ብናሸውስ ያለ ነበር፣ እሱን ተዉት፣ ጥቂት አሸዋ በብዙ ሸክላ ሲገባ ጡብ ነው የሚሆነው፣ ከፍ ማድረጉ ይበልጣል። አመድም ቢሆን ከዩሪያ ወይም ከትኩስ ፍግ ጋር በአንድ ቀን አይደረግም፣ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፣ ገንዘብህን ንፋስ ይወስደዋል።

ችግኝ አልገዛንም። ከሰባቱ ተቆርጦ ነው የጸደቀው፣ እዛ ግቢ መኖር እንደሚችሉ ያሳዩት እነሱ ናቸውና። ዘር አትሞክሩ፣ ቶሎም አይበቅል እኩልም አይበቅል። የሚሻለው አበባ ያልያዘ ቀንበጥ ነው፣ ጫፉ ለጋ ሆኖ ታቹ መጠንከር የጀመረውን ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ቆርጦ የታችኛውን ግማሽ ቅጠል መግፈፍ፣ አሸዋ የበዛበት አፈር በሞላው ላስቲክ ውስጥ መሰካት፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ቦታ አፈሩ እርጥብ ብሎ እንጂ ሳይጨቀይ ማቆየት። ሙቀት ባለበት በአንድ ወር ሥር ይይዛል፣ እኛ ታኅሣሥ ላይ ስለጀመርን ብርዱ አዘገየውና ሁለት ወር ወሰደ። ሥር መያዙን ለማየት በየቀኑ እየነቀሉ ማየት የሚወዱ ሰዎች አሉ (ጋሼ ከነሱ አንዱ ናቸው)፣ ቀስ ብሎ ሳብ አድርጎ እምቢ ካለ በቃ ይዟል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ የመትከያው ጊዜ። አገሩ ሁሉ ችግኝ የሚተክለው በክረምት ነው፣ አረንጓዴ አሻራ ከ2011 ጀምሮ ሐምሌን የችግኝ ወር አድርጎታል፣ ለባህር ዛፉም ለግራሩም ለጽዱም ልክ ነው፣ ዝናቡ ያሳድግልሃል። ሮዝመሪ ግን ሥሩ ገና ላስቲኩን ሳያልፍ ሐምሌ ላይ ሸክላ ውስጥ ስታስገባው መስመጫ ውስጥ ጣልከው ማለት ነው። የእኛን ችግኞች ክረምቱን በሙሉ በረንዳ ላይ በላስቲካቸው አቆየናቸው፣ መደቡ ባዶውን የ2013ን ክረምት ተቀበለ፣ ውሃ ሲያሳልፍ አየነው፣ የሰመጠውን ቦታ ሞላነው። የተተከሉት መስቀል ካለፈ በኋላ ነው፣ 2014 መስከረም መጨረሻ። አፈሩ ገና እርጥብ ነው፣ ፀሐይ መጥቷል፣ ዝናቡ እየሄደ ነው፣ ሥሩ እርጥበቱን እየተከተለ ወደ ታች ይወርዳል። ቀጣዩ ሐምሌ ሲመጣ ዘጠኝ ወር ያለፈው ሥር ነው የሚያገኘው። ሰው ይህን ስነግረው «በበጋ ተክለህ ማን ያጠጣልሃል» ይላል። እውነት ነው፣ የመጀመሪያውን በጋ ማጠጣት ግድ ነው፣ በሳምንት አንዴ ጥልቅ አድርጎ፣ በየቀኑ መርጨት አይደለም። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ በጣም ካልደረቀ አይፈልግም። ስሌቱ ይህ ነው፣ ለጥቂት ወራት ባልዲ መሸከም ወይ በየዓመቱ እንደ አዲስ መግዛት።

በ15ቱ ቦታ 15 ገባ፣ ግማሽ ሜትር ያህል ተራርቆ። ክረምቱ አልፎ 2015 ሲጠባ 14 ቆሞ ነበር። አንዷ ውሻ ቆፍሯት ነው።

አበባውን በተመለከተ ሌላ ችግር መጣ፣ ይህን ማንም አልጠበቀውም። በመጀመሪያው ታኅሣሥ ጥቂት እምቡጥ አየን፣ ያ ለልጅ ተክል ይበቃዋል። በሁለተኛው ዓመት ግን በር በሩ ያለው ከላይ እስከ ታች ፈዛዛ ሰማያዊ ሆኖ ሲፈካ ወደ ማድቤቱ ያለው ጫፍ አረንጓዴ ብቻ። ጋሼ እንደገና ውሃ ነው ብለው ደነገጡ። ተክሉን አይቼ ሳቅኩ፣ ጫፍ ጫፉ በሙሉ ተቀንጥቧል። ሮዝመሪ የሚያብበው ባለፈው ወቅት ባደገው ቀንበጥ ላይ ነው፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ጫፉን ለጥብስ ከቀነጠብከው የታኅሣሥን አበባ በልተኸዋል። ለካስ ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ጋ ነው የሚመጣው፣ «እትዬ፣ እንግዳ መጥቶብኝ፣ እፍኝ ቅጠል»፣ እሳቸው ደግሞ አይ ማለት አያውቁም። ጋሼ «አበባዬን በጥብስ ጨረሱት» እያሉ ሲያማርሩ እትዬ «አበባ ይበላል እንዴ?» ብለው ዘጉት። በመጨረሻ መደዳው ተከፈለ፣ ማድቤቱ ጋ ያሉት አራቱ የድስት ናቸው፣ ማንም ይቅጠፍ፣ የቀሩት እስከ የካቲት አይነኩም። ጥሩ ፍርድ ይመስለኛል፣ እንዲያውም ለሚተክል ሁሉ ከመጀመሪያው ሁለት ሦስት ተክል ለድስቱ ለይቶ ሌላ ቦታ መትከል ነው የምመክረው።

መከርከሙም አበባው ካለፈ በኋላ ነው፣ የካቲት መጨረሻ ወይ መጋቢት፣ ከአረንጓዴው ክፍል ብቻ፣ ቢበዛ አንድ ሦስተኛውን። ይህ ቀልድ የለበትም። ለፋሲካ ግቢ ያጸዳ አንድ የቀን ሠራተኛ ከድሮዎቹ ሰባት አንዱን አሳምሬ ልቁረጠው ብሎ ቅጠል የሌለው ደረቅ ግንድ ድረስ አወረደው፣ እስካሁን አላቆጠቆጠም፣ አያቆጠቁጥምም። ባህር ዛፍ የለመደ ሰው ጉቶ ሁሉ ያቆጠቁጣል ብሎ ያስባል። ሮዝመሪ ቅጠል ከሌለው አሮጌ እንጨት አይመለስም።

ዩሪያ የሚሉም አሉ። አያስፈልገውም፣ ሲበዛ ቀንበጡ ይላላል፣ ሽታውም ይሳሳል። በዓመት አንዴ ከግንዱ ራቅ አድርጎ ቀጭን ኮምፖስት በቂ ነው፣ ግንዱ ላይ አትከምሩት፣ ክረምት ላይ እርጥበት ይዞ ይቆይበታል።

ንብ ግን ያልታሰበ ትርፍ ነው። በኛ አገር የማር ወቅቱ አደዩ፣ መቹና ኑጉ ሲያብብ ነው፣ ከዛ በኋላ ደጋው ላይ ንብ የምትቀስመው ይሳሳል። ከኋላቸው ያለው ጎረቤት ሁለት ቀፎ አለው፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ከረፋዱ ጀምሮ ፀሐይ ሲሞቅ መደዳው በንብ ይጮሃል። በስፔንና በደቡብ ፈረንሳይ የሮዝመሪ ማር የታወቀ ዓይነት ነው፣ 20 ተክል ማር ይሰጣል አልልም፣ ንቦቹን ለጥቂት ሳምንት ያቆይልሃል ነው። እንግዳ የሚመላለስበት መንገድ ዳር መሆኑ ግን መታሰብ ነበረበት፣ ሕጻናት ያሉበት ቤት ከሆነ መደዳውን ከበሩ ትንሽ ራቅ አድርጉት።

ለቢቸናና ለደጀን ሰዎች ለየት ያለ ነገር አለኝ፣ እናንተ ዋልካ ላይ ናችሁ። ዋልካ አሲዱ ብዙም አያስቸግርም፣ ግን ክረምት ላይ ያብጣል፣ በጋ ላይ ተሰንጥቆ ሥር ይበጥሳል፣ ስለዚህ ካቡ ከዚህኛው ከፍ ይበል፣ ቢያንስ ግማሽ ሜትር፣ አመዱን ደግሞ ተዉት፣ አፈሩ ሳይለካ አትጨምሩ። ካብ የማይመች ከሆነ ታቹ የተበሳ በርሜል ግማሹ ይበቃል። እንጅባራ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ግልባጩ፣ ዝናቡም አሲዱም ከማርቆስ ይብሳል፣ ኖራውን አትርሱ፣ መደቡንም ከጣሪያ ስር ሳይሆን ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ከሚያገኝበት ጎን አድርጉት፣ ጥላ ውስጥ ሲሆን ቅጠሉን ነጭ ዱቄት የሚመስል ሻጋታ ይይዘዋል።

የጋሼ ግቢ ያሉት አሮጌዎቹ ስድስት አሁን መሀላቸው እየተራቆተ፣ እንጨት እየሆኑ ነው፣ ይህ የሮዝመሪ ጸባይ ነው። በየዓመቱ ጥቂት ቀንበጥ ላስቲክ ውስጥ እናስገባለን፣ ያረጀው ሲነቀል የሚተካው እዛው በረንዳ ላይ አለ፣ ከዛ የተረፈውን እትዬ እፍኝ ቅጠል ለሚጠይቋቸው ጎረቤቶች ችግኙን ራሱን መስጠት ጀምረዋል።